ፈቃድሽን አሳዪኝ የሚል በሌለበት ሙያ፦ ለአዲስ ሶሻል ወርከሮች

ሶሻል ወርክ ተመርቃችሁ ሥራ ልትጀምሩ ነው እንበል። ወይም ገና ተማሪ ናችሁ፤ ፊልድ (የተግባር ልምምድ) ለመውጣት ደብዳቤ እየጠበቃችሁ ነው። ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መጀመሪያ በመያድ፣ ከዚያ በሆስፒታል በሶሻል ወርከርነት ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። አሁን ከሥራዬ ጎን ለጎን ለፊልድ የሚላኩ ተማሪዎችን እከታተላለሁ። ከታች የምጠቅሳቸው ሰዎች ማንነታቸው እንዳይታወቅ ሰፈሩን፣ ዕድሜውንና አንዳንድ ዝርዝር ነገር ቀይሬያለሁ።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ «የሙያ ፈቃድሽን አሳዪኝ» ያለኝ ሰው የለም። አብራኝ የምትሠራው ነርስ ፈቃድ አላት፤ ጊዜው ሲደርስ ታድሳለች። ፋርማሲስቱም አለው፤ ጠበቃውም አለው። እኔ ዲግሪዬንና የቅጥር ደብዳቤዬን ይዤ ሰው ቤት እገባለሁ። ስለ ትዳራቸው፣ ስለ ልጃቸው፣ ስለ በሽታቸው እጠይቃለሁ። የነገሩኝን ጽፌ ፋይል ውስጥ አስቀምጣለሁ። አንድ ሶሻል ወርከር ሚስጥር ቢያወጣ አሠሪው ሊያሰናብተው ይችላል። በወሩ ሌላ ድርጅት ሲቀጠር ግን ያለፈውን የሚጠይቀው የለም። እንዲህ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ።

ተገልጋዩ ደግሞ ይህን ሁሉ አያውቅም። ባጅ ያንጠለጠለች፣ ቅጽ የያዘች፣ የተማረች ሰው ነው የሚያየው። ስለዚህ ለሐኪም እንደሚናገረው ሁሉንም ይናገራል።

ለዚህ ነው ለተማሪዎቼ ደጋግሜ አንድ ነገር የምነግራቸው። የሙያ ሥነ ምግባር በአንድ ሴሚስተር ኮርስ ተምረው የሚጨርሱት ነገር አይደለም። ፊልድ ላይ፣ ሥራችሁን ቁጭ ብሎ የሚያነብና «ይህን ለምን አደረግሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ነው ልማድ የሚሆነው። ያ ሰው ተመድቦ ካልጠበቃችሁ ፈልጋችሁ አምጡት።

ብዙ ቦታ ተመድቦ አይጠብቃችሁም። ምክንያቱም አለው። በአገራችን የመጀመሪያው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ተዘጋ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በቺካጎ ካለው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በማስተርስ ደረጃ እንደገና የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በመሀል ሠላሳ ዓመት ገደማ ሄዷል። በእነዚያ ዓመታት መማር የነበረባቸው ሰዎች ዛሬ የእኛ አለቆችና አሠልጣኞች ይሆኑ ነበር። እነሱ ስላልተማሩ ፊልድ ስትወጡ ተቆጣጣሪ ሆኖ የሚጠብቃችሁ የሶሲዮሎጂ ወይም የማኔጅመንት ምሩቅ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊው ነው። ቅን ሰው ሊሆን ይችላል፤ ከሥራው ብዙ ልትማሩም ትችላላችሁ። ነገር ግን ኬዝ፣ ማለትም የአንድ ተገልጋይ ጉዳይ፣ ይዞ ስለማያውቅ ስለ ኬዝ አይጠይቃችሁም። መገኘታችሁን የሚያሳየውን ወረቀት ይፈርማል፤ በቃ።

ለማነጻጸር ያህል፣ አሜሪካ ውስጥ እውቅና ያለው ፕሮግራም ለመጀመሪያ ዲግሪ ቢያንስ 400፣ ለማስተርስ ቢያንስ 900 ሰዓት ፊልድ ይጠይቃል። ዓለም አቀፉ የሶሻል ወርክ ትምህርት መስፈርትም ፊልድን የሚያየው እንደ ትምህርቱ ዋና አካል ነው። ይህ መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2004 ወጥቶ በ2020 ተሻሽሏል። እኛ ጋ ሰዓቱ ወረቀት ላይ ሊሞላ ይችላል። ተማሪው ግን ያንን ሰዓት ፎቶ ኮፒ ሲያደርግና የስብሰባ አበል ዝርዝር ሲያስፈርም ከዋለ ምን ተማረ?

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ፈተናው መምጣቱን እደግፋለሁ። ቢያንስ መጽሐፍ ያስገልጣል። ግን ምርጫ ላይ አክብቦ «ሚስጥር መጠበቅ» የሚለውን ያገኘ ተማሪ፣ ማታ ታክሲ ውስጥ ስለ ተገልጋዩ በስልክ ጮክ ብሎ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። ዕውቀቱ አለው። ልማዱ ነው የሌለው።

ስለ ትምህርት ካነሳሁ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ዩኒቨርሲቲዎች አካባቢ ስልክ እንጨት ላይ «ፕሮፖዛል፣ አሳይመንት፣ ቴሲስ እንሠራለን» የሚል ወረቀት ታያላችሁ። አሁን ቴሌግራም ላይም ሞልቷል። የፊልድ ሪፖርት ሳይቀር ይሸጣል። የሌላ ሙያ ተማሪ ሲያደርገውም ነውር ነው። የእኛ ግን ይብሳል። ሪፖርታችን የሰው ሕይወት ነው። ያልሄደበትን ቤት «ጎበኘሁ» ብሎ መጻፍ በተማሪነቱ የለመደ ሰው ተቀጥሮም ያንኑ ያደርጋል። ያን ጊዜ በእሱ ምክንያት እህል ወይም ሕክምና የምታጣ አንዲት እናት አለች። ሥራና ኑሮ ተደራርቦባችሁ ጊዜ ካጠራችሁ ለአማካሪያችሁ ንገሩና አራዝሙ። ዘግይቶ መመረቅ ያስቆጫል እንጂ ሰው አይጎዳም።

ፊልድ ልትጀምሩ ስትሉ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ነገር አስጨርሱ። አንደኛ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ስለ ኬዝ ብቻ የምታወሩት ሰው ማን እንደሆነ በስም ይታወቅ። ድርጅቱ ውስጥ የሙያው ሰው ከሌለ ዩኒቨርሲቲው ከውጭ እንዲመድብ በጽሑፍ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ምን ምን ሥራ እንደምትሠሩ የሚገልጽ ውል ይፈረም። አንድ ገጽ ይበቃል፤ «ቢያንስ ሁለት ኬዝ ከመጀመሪያው እስከ መዝጊያው ይዛ ትከታተላለች» የሚል ዓረፍተ ነገር ግን አይቅር። ሦስተኛ፣ ፋይል የሚቀመጥበትን ቦታ በዓይናችሁ እዩ። ካቢኔቱ ይቆለፋል? ቁልፉ ማን ጋ ነው? ተላላኪው ጭምር የሚከፍተው ከሆነ እናንተም የምትጽፉትን እያሰባችሁ ትጽፋላችሁ።

አሁን ወደ ቤት ለቤት ጉብኝት ልምጣ። ሥነ ምግባር የሚፈተነው እዚያ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እነግራችኋለሁ።

መያድ ውስጥ ስሠራ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ እናቶችን ከነልጆቻቸው እንከታተል ነበር። መኪናችን ነጭ ላንድክሩዘር ነው። በሩ ላይ የድርጅቱ ዓርማ አለ። ድርጅቱ ምን እንደሚሠራ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንዲት እናት ገና በመጀመሪያው ቀን በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እህቴ፣ እርዳታው ይቅርብኝ፣ መኪናውን ብቻ አታምጡብኝ» አለችኝ። ቤቷ የቀበሌ ቤት ነው፤ ከጎረቤት የሚለየው ቺፑድ ነው። ጎረቤት ሲያስል ይሰማል። እዚያ ቁጭ ብዬ «መድኃኒቱን በሰዓቱ እየወሰድሽ ነው?» ብዬ ብጠይቃት ለግቢው ሁሉ መናገሬ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ መኪናው አስፋልት ዳር ይቆማል፤ ባጄን ቦርሳዬ ውስጥ አስገብቼ በእግሬ እገባለሁ። ስለ መድኃኒት የምናወራው ጤና ጣቢያ ስትመጣ ነው። ቤቷ የምሄደው ኑሮውን ለማየትና ስለ ልጆቿ ለማውራት ብቻ ሆነ። ከሁሉ በላይ የጠቀመን ግን አስቀድመን አንድ ነገር መስማማታችን ነው። «ጎረቤት ማን ናት ብሎ ቢጠይቅሽ ምን ልትዪ ትፈልጊያለሽ? እኔስ ብጠየቅ ምን ልበል?» አልኳት። አሰበችና «ለልጆቹ ደብተርና ዩኒፎርም የሚረዱ ናቸው በይ» አለች። እውነትም ነው፤ ደብተርና ዩኒፎርም እንሰጥ ነበር። ስለዚህ እኔም አልዋሸሁም፤ እሷም አልተጋለጠችም።

ይህችን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ተገልጋይ እጠይቃለሁ። ተማሪዎቼም ከበር ከመግባታቸው በፊት መልሱን እንዲያውቁ አደርጋለሁ። ሌሎች ትናንሽ ነገሮችም አሉ። ግቢ በር ላይ ከየት እንደመጣችሁ አትናገሩ። ቤቱን ካላወቃችሁት ሱቅ ገብታችሁ «እገሊት የምትባል በሽተኛ» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ስልክ ደውሉላት፣ መጥታ ትቀበላችሁ። ቤት ውስጥ እንግዳ ካለ ቡና ጠጥታችሁ፣ የጤና ሰላምታ ሰጥታችሁ ውጡ፤ ሌላ ቀን ትመጣላችሁ።

ስለ ቡናው ብዙ ተማሪ ይጠይቀኛል። ከተገልጋይ ምንም አትቀበሉ የሚል ነገር አንብበው ይመጣሉ። እኔ ቡና እጠጣለሁ። ቡና የቀረበለት ሰው አልጠጣም ካለ ንቆኛል ነው ትርጉሙ። ከዚያ በኋላ የሚነገር ሚስጥር የለም። ስኳር የተገዛው ለእኔ ሲባል እንደሆነ ካየሁ ግን በሚቀጥለው ቀን ሰዓቴን እቀይራለሁ፤ ከቡና ሰዓት ውጪ እሄዳለሁ። ቅቤ፣ ዶሮ፣ ገንዘብ ከሆነ አልቀበልም። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ከአገር ቤት የመጣላቸውን ቅቤ በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ። «እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ እኔ ለዚህ ሥራ ደሞዝ ይከፈለኛል። ይህን ከእርስዎ ብወስድ ነገ ለሌላው ሰው በእኩል ዓይን ማየት ይከብደኛል» አልኳቸው። ትንሽ ቅር አላቸው። መርቀው ሸኙኝ። ድርጅታችሁ የጽሑፍ መመሪያ ካለው ይበልጥ ይቀላል፤ «አይፈቀድልኝም» ማለት «አልፈልግም» ከማለት ይሻላል።

ስምምነት መጠየቅም ብዙ የሚበላሽ ነገር ነው። ቅጹ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይመጣል። ሠራተኛው «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ይላል። አሻራ ይደረጋል። ሰውየው ምን ላይ እንደፈረመ አያውቅም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። የቅጹን ሐሳብ በቃሌ በአማርኛ አስረዳለሁ። ከዚያ «እስቲ እኔ ምን እንዳልኩዎት ለልጅዎ እንደሚነግሩ አድርገው ይንገሩኝ» እላለሁ። የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ ያስደነግጣል። «ካልፈረምኩ ዘይቱ ይቀርብኛል» ያሉኝ አሉ። ያንን ካላስተካከልን አሻራው ስምምነት አይደለም።

ሚስጥር መጠበቅም ወሰን እንዳለው በመጀመሪያው ቀን ይነገር። «የሚነግሩኝ በእኔና በእርስዎ መካከል ነው፤ ግን ሕፃን አደጋ ላይ ከሆነ፣ እርስዎ ራስዎን ሊጎዱ ካሰቡ ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ከሆነ ለሚመለከተው መናገር አለብኝ።» ይህን ሳይናገሩ ቆይቶ፣ ሰውየው ሁሉንም ከዘረገፈ በኋላ «ይህንንስ መናገር አለብኝ» ማለት ክህደት ነው። እሱም እንደዚያ ነው የሚቆጥረው።

ቋንቋም አለ። እናትየዋ ወላይትኛ ወይም ሲዳምኛ ብቻ የምትናገር ሆና አማርኛ የሚችለው የአሥር ዓመት ልጇ ሲሆን፣ ልጁን አስተርጓሚ ማድረግ ይቀላል። አታድርጉት። ባሏ ስለሚመታት እናት ልጇ እንዴት ይተርጉም? የሆስፒታል ሠራተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ማንም ትልቅ ሰው ፈልጉ፤ ሚስጥር እንዲጠብቅም አስምሉት። የሰፈሯ ሰው እንዲሆን ትፈልግ እንደሆነ ደግሞ መጀመሪያ እሷን ጠይቁ።

ወደ ፋይሉ ልለፍ። የተማሪዎቼን ጽሑፍ ሳነብ ከሁሉ በፊት የማስተካክለው ፍርድ የሆኑ ቃላትን ነው። «እናትየዋ ለልጆቿ ግድ የላትም» የሚል ጽሑፍ ይመጣልኛል። «ምን አይተሽ ነው?» እላታለሁ። «ሁለት ጊዜ ቀጥሬያት አልመጣችም» ትላለች። እንግዲያው እሱን ጻፊ። «በሁለት ቀጠሮ አልተገኘችም፤ ስትጠየቅ የቀን ሥራ እንደወጣች ተናግራለች።» የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ያቺን እናት ልጅ ሊያስነጥቃት ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ ቀጠሮውን ወደ እሑድ ማዛወር እንዳለብን ይነግረናል። «ሱሰኛ»፣ «ውሸታም»፣ «ሥነ ሥርዓት የሌለው» የሚሉ ቃላትን ባያችሁ ቁጥር አቁሙና ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለየብቻ ጻፉ። ያልጠየቃችሁትን ደግሞ ባዶ ተዉት፤ በግምት አትሙሉት።

የአንድ መስመር ጽሑፍ ክብደት የማይታየው ሰው ካለ የውጭ ጉዲፈቻን ያስታውስ። በ2010 ዓ.ም. በሕግ እስኪቆም ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ሕፃናት በዚያ መንገድ ወደ ውጭ ሄደዋል። ወላጅ እያላቸው እንደሌላቸው ተደርጎ የተጻፈባቸው ነበሩ። ያንን የጻፈ ሰው አለ፤ ያጣራሁ ብሎ የፈረመ ሰው አለ። ልጆቹ ዛሬ አድገው እናታቸውን ሊፈልጉ ሲመጡ ያ ወረቀት ነው የሚጠብቃቸው። ፋይል ስትጽፉ ባለታሪኩ ከሃያ ዓመት በኋላ መጥቶ ፊታችሁ ቁጭ ብሎ እንደሚያነበው አስቡ።

ዛሬ ደግሞ ከካቢኔቱ ይልቅ የሚያፈስሰው ስልካችን ነው። የኬዝ ቅጽ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ግሩፕ መላክ የተለመደ ሆኗል። ግሩፑ ውስጥ አርባ ሰው አለ፤ ግማሹ ሥራ ለቋል፤ ማንም አላስወጣቸውም። ዓለም አቀፎቹ የሶሻል ወርክ ማህበራት እ.ኤ.አ. በ2018 ያጸደቁት የሥነ ምግባር መግለጫ ዘጠኝ መርሆዎች አሉት፤ ከእነሱ አንዱ ስለ ቴክኖሎጂና ማህበራዊ ሚዲያ አጠቃቀም ነው። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የጤና መረጃ በዚያ አዋጅ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ነው። ስለዚህ አለቃችሁ «ቶሎ በቴሌግራም ላኪልኝ» ሲል የምትመልሱት ሕግ አላችሁ። ግድ ከሆነ ስም አውጥታችሁ በኬዝ ቁጥር ብቻ ላኩ።

ፎቶም እንደዚያው ነው። ለለጋሽ ሪፖርት ተብሎ ያለቀሰ ሕፃን ፎቶ ይጠየቃል። አንድ ድርጅት ውስጥ ሳለሁ «ፊታቸው በደንብ የሚታይ፣ ቤቱም ደከም ያለ ይሁን» ተብሎ በኢሜይል ታዞ ነበር። እኔና አንድ ባልደረባዬ ተነጋግረን ሌላ አማራጭ ይዘን ገባን። የልጆቹን እጅ ሥዕል ሲሥል፣ እናቶቹን ከጀርባ፣ አዲሱን የውሃ ቧንቧ አንስተን፣ እያንዳንዱ ፎቶ ሥር ታሪኩን ጻፍን። ለጋሹ አላጉረመረመም። ብዙ ጊዜ እምቢ ከማለት ይልቅ ሌላ ነገር ሠርቶ መቅረብ ያዋጣል። ካልሆነ ግን እምቢ ማለት አለ።

ከባዱን መጨረሻ ላይ አላስቀምጠውም፤ አሁን ልናገረው። ሆስፒታል ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ አክስቷ ይዛት መጣች። የደፈራት የሚቀርባቸው ሰው ነው። በማግስቱ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ቢሮዬ መጡ። «ልጄ፣ ነገ ፊት ለፊት የምንተያይ ሰዎች ነን። ካሣ ይከፈላል። አንቺ ደግሞ ወረቀቱን ትንሽ ለዘብ አድርጊው» አሉኝ። ሽምግልናን አከብራለሁ። የስንት ሰው ትዳር አድኗል። በልጅ ላይ የተፈጸመ ጥቃት ግን በሽምግልና የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም፤ ወንጀል ነው። «አባቶቼ፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ይህ የእኔ ፋይል አይደለም፣ የልጅቷ ነው። ልለውጠው አልችልም። ልትረዷት ከፈለጋችሁ ትምህርቷ እንዳይቋረጥና ሰፈር ውስጥ ማንም እንዳይሰድባት አግዙን» አልኳቸው። አንዱ ተቆጥተው ወጡ። አንዱ ግን ቆይተው ተመልሰው መጡና የትምህርት ቤቱን ነገር ያዙልኝ።

እንዲህ ያለ ኬዝ ሲገጥማችሁ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። የእርግዝና መከላከያውም ቢዘገይ ከአምስት ቀን ማለፍ የለበትም። ልጅቷ ከመመርመሯ በፊት ባትታጠብና ልብሷን ባታጥብ ለማስረጃው ይጠቅማል። የለበሰችውን ልብስ በወረቀት ከረጢት ያዙት፤ ፌስታል ያበላሸዋል። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ጋንዲና ዳግማዊ ምኒልክ ያሉ ሆስፒታሎች ሐኪምን፣ ፖሊስን፣ ዐቃቤ ሕግንና የሥነ ልቦና ድጋፍን በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል አላቸው። የእናንተ ሥራ ልጅቷ ታሪኳን በየቢሮው እየደጋገመች እንዳትናገር ማድረግ ነው። እናንተም ራሳችሁ ከመርማሪው ቀድማችሁ ዝርዝሩን አታስደግሟት። ደኅንነቷን አረጋግጡ፣ አድምጡ፣ አገናኙ።

ከሽማግሌ ይልቅ የሚያስቸግረው አንዳንዴ የቢሮ አለቃ ነው። ድሃ የከተማ ነዋሪዎችን የሚረዳው የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ወጣት ሶሻል ወርከር በወረዳ ደረጃ ከተረጂዎች ምልመላ ሥራ ጋር ተገናኝቷል። ስም ዝርዝር ባለበት ደግሞ ዘመድ አለ። ወረዳ ውስጥ የምትሠራ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደውላ «አለቃዬ አንድ ቤተሰብ አስገቢ አለኝ፤ ቤታቸው ሁለት ክፍል ያከራያሉ» አለችኝ። ጮኻ ብትጣላ ሥራዋን ታጣለች፤ ዝም ብትል የሚገባው ሰው ይወጣል። ያደረገችው ይህን ነው። የመመዘኛውን ቅጽ እንዳየችው ሞላች፤ የኪራዩን ገቢ ጨምራ። «እኔ ያየሁት ይህ ነው፤ እንዲገቡ ከተወሰነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝና ከፋይሉ ጋር አያይዘዋለሁ» ብላ አስገባች። የጻፈላት የለም፤ ቤተሰቡም አልገባም። ሁልጊዜ እንዲህ ያበቃል ማለቴ አይደለም። ግን ፊርማችሁ ያለበት ወረቀት ላይ ያላያችሁት ነገር እንዳይኖር ማድረግ በእጃችሁ ነው። የራሳችሁ ዘመድ ወይም የዕድራችሁ ሰው ተገልጋይ ሆኖ ከመጣም ዝምድናውን ተናግራችሁ ኬዙን ለሌላ ባልደረባ አስተላልፉ። ሌላ ባልደረባ ከሌለ ዝምድናውን ፋይሉ ላይ ጽፋችሁ ሁለተኛ ሰው ውሳኔውን እንዲያይ አድርጉ።

ይህን ሁሉ ብቻችሁን መሸከም አትችሉም። ደሞዙ ትንሽ ነው፣ ኬዙ ብዙ ነው፣ ማታ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ትሰማላችሁ። እኛ መፍትሔ ያደረግነው የባልደረቦች ስብስብ ነው። ከተለያየ ድርጅት የመጣን ሶሻል ወርከሮች በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አንዷ ቢሮ እንገናኛለን። ደንቡ አጭር ነው። ኬዝ ያለ ስም፣ ያለ ሰፈር፣ ያለ ድርጅት ይቀርባል። አቅራቢዋ አሥር ደቂቃ ትናገራለች፤ ማንም አያቋርጣትም። ከዚያ ጥያቄ ብቻ ይጠየቃል፤ ምክር የሚሰጠው በመጨረሻ ነው። ስልክ ከክፍሉ ውጪ ይቀመጣል። ማስታወሻ አይያዝም። የምንጀምረው «ባለፈው ያነሳሽው ሰው እንዴት ሆነ?» በሚል ነው፤ ምክራችን ሠርቶ እንደሆነ የምናውቀው ከዚያ ነው።

ክፍለ ሀገር ወረዳ ውስጥ ብቻችሁን ተመድባችሁ ከሆነ ጤና ጣቢያ ካለች ነርስ ወይም ትምህርት ቤት ካለ አማካሪ ጋር ሁለት ሆናችሁ ጀምሩ። የኢትዮጵያ የሶሲዮሎጂስቶች፣ የሶሻል ወርከሮችና የአንትሮፖሎጂስቶች ማህበርንም ፈልጋችሁ አባል ሁኑ። የሙያ ፈቃድና አቤቱታ ሰሚ አካል ይኑረን የሚለውን ጥያቄ ተሰባስበን ካልገፋነው የሚገፋልን የለም። ሥራ ለመቀጠር ቃለ መጠይቅ ስትገቡም በመጨረሻ «ጥያቄ አለሽ?» ሲሏችሁ ስለ ደሞዝ ብቻ አትጠይቁ። አንድ ሠራተኛ ስንት ኬዝ እንደሚይዝ፣ ኬዙን የሚያይ ሱፐርቫይዘር እንዳለና ፋይሉ የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ። እኔ አሁን ያለሁበትን ሥራ ከመቀበሌ በፊት እነዚህን ጠይቄ፣ ካቢኔቱን አሳዩኝ ብዬ አይቼ ነው የፈረምኩት።